የተማሪው ወንበር

አማካሪው የሞቱት በገዛ ቢሮአቸው ነው፤ በገዛ ወንበራቸው ላይ ግን አልነበረም። መርማሪዋ ገና በሩን ስትከፍት ዓይኗ ያረፈው እዚያ ላይ ነው። ባልደረቦቿ «መርፌ» ያሏት በከንቱ አይደለም፤ ነገር ሳትወጋ አትወጣም፣ አንድ ቦታ መቀመጥም አይሆንላትም።

ሟቹ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆችን ለኮሌጅ መግቢያ የሚያዘጋጁ አንጋፋ ሰው ነበሩ። ቃለ መጠይቅ ያለማምዳሉ፦ እሳቸው ትልቁ ወንበር ላይ፣ ተማሪው ከፊታቸው ዝቅ ያለችው ላይ፣ አፉ ሲደርቅ የሚጎነጨው አንድ ብርጭቆ ውሃ በአጠገቡ። የተገኙት በዚያች ዝቅ ባለች ወንበር ላይ አንገታቸውን ደፍተው ነው። ብርጭቆው ባዶ ነበር። ሐኪሙ በማግስቱ ጠዋት እንደተናገረው፣ ውሃው ውስጥ የእንቅልፍ መድኃኒት ነበረበት፤ ጤነኛ ሰው ያፈዛል እንጂ አይገድልም፣ የእሳቸው ደካማ ልብ ግን አልቻለውም።

ጣት ሁሉ ወደ አንዲት ተማሪ ተቀሰረ፤ መጨረሻ አብራቸው የነበረችው እሷ ናትና። ኮሌጁ ከዚህ ትምህርት ቤት በነፃ የሚቀበለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለቦታው የቀረቡት እሷና የአንዲት የመድኃኒት ቤት ባለቤት ልጅ ናቸው። ሞቱ በደረሰ ዕለት ከሰዓት ሊደረግ የነበረው ቃለ መጠይቅ ለዛሬ ተዛውሯል። ልጅቷ ዛሬ ከታሰረች አለቀላት፤ ሌላ የሚከፈትላት በር የለም።

ምክትል ርዕሰ መምህሩ «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» እያሉ ነገሩ ቶሎ እንዲዘጋ ወተወቱ። መርማሪዋ አልሰማቻቸውም። ከመስኮት በር፣ ከበር መስኮት እየተንጎራደደች ልጅቷን በጥያቄ ያዘቻት።

«እሳቸው ያንቺ ወንበር ላይ ምን ሊሠሩ ተቀመጡ?»

«የመጨረሻው ልምምድ ላይ ቦታ ይቀይራሉ። ‹አሁን አንቺ ጠይቂ፣ እኔ ልመልስ› ይላሉ። ብዙ ስላወሩ ውሃውን ጠጡት። ከዚያ ደከመኝ፣ ሂጂ አሉኝ።»

«አንቺስ?»

«እኔ ሲጨንቀኝ ውሃም አይወርድልኝም።»

መርማሪዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ ብላ ቆመች። ወዲያው ሁሉንም እዚያው ቢሮ አስጠራቻቸው፤ ምክትሉን፣ ልጅቷን፣ የመድኃኒት ቤቷን ባለቤትና ልጃቸውን። ልጁ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።

«አማካሪውን ማን ጠላ ብለን ስንደክም ዋልን» አለች መርማሪዋ። «እሳቸውን የጠላ የለም። ውሃው የቀረበው ለተማሪ ወንበር ነው፤ የታሰበው ልጅቷ ጠጥታ ከሰዓት ጠያቂዎቿ ፊት እንድትፈዝ ነው። ያደረገው ሰው ማን የት እንደሚቀመጥ ያውቃል፤ በመጨረሻው ልምምድ ቦታ እንደሚቀየር ግን አያውቅም። እዚህ ትምህርት ቤት ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የማያውቀው ከውጭ የሚመጣ፣ ልጁም ገና የመጨረሻው ልምምድ ላይ ያልደረሰ ወላጅ ነው።»

ወደ መድኃኒት ቤቷ ባለቤት ዞረች። ሴትዮዋ ከወላጆች ኮሚቴ መጥተው የዚያን ዕለት ውሃውን ያቀረቡት እሳቸው እንደሆኑ ቀድሞውንም አልካዱም ነበር።

«ትናንት አማካሪው አረፉ ብዬ ስደውል ሁሉም ‹ምን ነክቷቸው?› አለኝ። እርስዎ ግን ‹ልጅቷስ ደህና ናት?› አሉኝ። እኔ ልጅቷን መቼ አነሳሁብዎት?»

«ልጅቷ እንድትተኛ ብቻ ነበር፣ ሰው ልገድል አልተነሳሁም» አሉ ሴትዮዋ። ለልጄ ስል ነው እያሉ ማልቀስ ጀመሩ።

መርማሪዋ ልጅቷን በዓይኗ ወደ በሩ አመለከተቻት። «ሂጂ፣ ይረፍድብሻል።»

ልጅቷ ቦርሳዋን አንስታ ስትወጣ የሴትዮዋ ልጅ ከግድግዳው ተላቀቀ።

«እማዬ፣ እኔ እኮ ቦታውን አልፈልግም ብዬ ለአማካሪው ነግሬያቸው ነበር። ‹ለእናትህ እኔው እነግራቸዋለሁ፣ አንተ አትጨነቅ› አሉኝ። በሞቱበት ዕለት ማታ ቤታችን ሊመጡ ነበር።»

እናቱ ልቅሷቸው ቆመ። ፊቱን እንደማያውቁት ሰው ፊት አዩት።

«ለምን ለእኔ አልነገርከኝም፣ ልጄ?»

«ፈራሁሽ» አለ።