ቅቤ በፍልሰታ

አያ ማረው ሞተው የተገኙት በወረታ በሚገኝ አንድ የግል ክሊኒክ የሥልጠና አዳራሽ ውስጥ፣ የሕክምና አልጋ ላይ እንደተንጋለሉ ነው። ጊዜው የፍልሰታ ጾም፣ ሰዓቱ ሠልጣኞቹ ለምሳ የወጡበት ነበር። አንገታቸው ዙሪያውን ቅቤ ተለቅልቋል። ቅቤውን ያየ ሁሉ አንድ ስም ጠራ፤ ወጌሻዋ እትዬ ውባንቺ።

የግቢው ጥበቃም፣ «ምሳ ሰዓት ላይ ከሟቹ ጋር ሲጨቃጨቁ ሰምቻለሁ፤ ተቆጥተው ነው የወጡት» አለ። ለኢንስፔክተር አምሳል ይኼ በቃት። ስድሳ ዓመት ያለፋቸውን ሴት ከቤታቸው አስነሥታ፣ ክንዳቸውን ይዛ፣ በገበያው መሐል አሳልፋ ጣቢያ አስገባቻቸው። ሩዝ የሚሰፍረው መስፈሩን ትቶ አየ፤ ባጃጅ ነጂው ቆሞ አየ። እትዬ ውባንቺ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው ተከተሏት። አምሳል በወረታ ብልህ ናት ትባላለች፤ ብልህም ሲቸኩል ያው ቸኳይ ነው።

መቸኮሏን የጠረጠረችው ወደ አዳራሹ ተመልሳ ሬሳው ላይ ጎንበስ ስትል ነው። ቅቤው ሸተታት። የኮረሪማና የኮሰረት ሽታ ነው፤ ወጥ ያሰኛል። የሟቹን ቀኝ እጅ አነሣች፤ የጣቶቻቸው ጫፍም በቅቤ ወዝቷል። ጥቂት ቅቤ በጥጥ ጠርጋ ያዘችና ለማንም ምንም ሳትል ሥልጠናውን ወደሚመራው ሰው ሄደች።

ዶክተር ሰውመሆን የፎገራ ልጅ ነው። በሰባት ዓመቱ አጎቱ ወደ ውጭ ወሰደው። አሁን ያለ መድኃኒትና ያለ ቢላ፣ አንገትንና ወገብን በእጅ ብቻ ማከምን ለፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች ያስተምራል፤ ናይሮቢ፣ ኪጋሊ፣ ዱባይ ሲጠሩት ይሄዳል። በተወለደበት አገር ሲያስተምር ይህ የመጀመሪያው ነው። አያ ማረው ደግሞ የሩዝ ከረጢት ሲሸከሙ ኖረው አንገታቸው አልዞር ቢላቸው፣ ሠልጣኞች እንዲማሩባቸው ፈቅደው የመጡ ገበሬ ናቸው።

«ጠዋት አንገታቸውን አንድ ጊዜ አዙሬ አሳየሁ» አለ ሰውመሆን። «ከዚያ በፊት ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ብዥ ማለት አለብዎት ወይ ብዬ ጠይቄአለሁ። በየአገሩ የምጠይቀው ነው። ለሁሉም ‹ደህና ነኝ› አሉ።»

«የፎገራ ሽማግሌ ለእንግዳ ሌላ ምን ይላል?» አለች አምሳል።

ሰውመሆን እጆቹን ተመለከተ።

«ምሳ ሰዓት የት ነበሩ?»

«ክፍሌ ውስጥ አረፍ ብዬ ነበር። እሳቸው ጾመኛ ስለሆኑ አልጋው ላይ ቀሩ።»

እትዬ ውባንቺ ከወጡ በኋላ፣ በሩን ከሚጠብቀው ዘበኛ በቀር፣ ከሰውመሆን ሌላ ግቢው ውስጥ የነበሩት ሁለት ሠልጣኞች ብቻ ናቸው። አንደኛው ሰሞኑን ከኪጋሊ የመጣው ሙጋቦ ነው። አምሳል ጥጡን ሰጥታ አስሸተተችው። «ይኼ የምግብ ነው የመኪና?» ብሎ ጠየቃት። ስለ ወጌሻ ስትጠይቀውም እንዲህ ያለ ሙያ መኖሩን የሰማው ገና አሁን ነበር።

ሁለተኛው የወረታው ልጅ ዘመነ ነው።

«እናትህ ቅቤ ነጋዴ አይደሉ? እስኪ አሽትት» አለችው።

«ንጥር ነው፤ የወጥ» አለ ሳያስብ። ከዚያ ዓይኑ ፈጠጠ። «አንገታቸው ላይ የነበረው ይኼ ነው? ወጌሻ እኮ በለጋ ቅቤ ነው የሚያሽ። ያውም እትዬ ውባንቺ በጾም ቅቤ አይነኩም፤ በኑግ ዘይት ነው የሚያሹት። አገር ያውቃል!»

‹አገር ያውቃል› የሚለው ቃል አምሳልን ወጋት። እሷም የአገሩ ሰው ናት።

«ጠዋት ምን ሆነ?» አለችው።

«መምህሬን ማሳፈር ይሆንብኛል።»

«የሞተው ሰው ከመምህርህ እፍረት ያንሳል?»

ዘመነ አንገቱን ደፋ። «አልሆነላቸውም። አንገት ሲዞር ቋ ይላል ብለን ጠበቅን። ድምፁ ራሱ ሕክምና አይደለም ብለው አስተምረውናል፤ ተማሪ ግን ድምፁን ነው የሚጠብቅ። አልመጣም። ሙጋቦ ሳቅ አለ። እኔም ሳቅሁ። እሳቸውም፣ ‹አንዴ እምቢ ካለ መድገም ክልክል ነው› አሉን። ላብ ግን አጥምቋቸው ነበር።»

የሟቹን ሚስት እትዬ እናኑን አምሳል ያገኘቻቸው ለቅሶ ላይ ነው። ጥጡን አፍንጫቸው አጠገብ ሲያደርጉ ለቅሷቸው ቆመ።

«ይኸ የእጄ ሥራ ነው» አሉ። «ለዶክተሩ ነው የሰጠሁት። ባሌን ሊያክምልኝ አይደል? ለፍስክ ይሆንሃል ብዬ ክሊኒኩ ኩሽና አኖርሁለት። እሱ ላይ ምን ይሠራል?»

አምሳል ጥጡን መልሳ ጠቀለለች። ከዚያ ወደ ጣቢያ ሄደች። እትዬ ውባንቺ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል።

«እትዬ፣ ምን ነበር የተጨቃጨቃችሁት?»

«እውነቱን ልንገርሽ? ቀንቼ ነው የሄድሁት» አሉ። «ሰው ሁሉ ወደ እነሱ ዞረ። አያ ማረውን እንኳ ስንት ዘመን ያሸሁት እኔ ነኝ። ከዳኸኝ አልሁት። ‹የአገር ልጅ ነው፣ እንግዳ ነው፣ እንዴት እምቢ ይባላል?› ብሎ ሳቀብኝ። አንገቱንም እንዲህ፣ እንዲህ እያዞረ አሳየኝ። ቅናት ያሳፍራል፤ ይኸው አሳፈረኝ።»

የአስከሬን ምርመራው ውጤት በማግስቱ መጣ። ወደ አንጎል ደም የሚወስደው የአንገት ደም ሥር በድንገተኛ፣ ኃይለኛ ጥምዘዛ ተቀዷል። አምሳል ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበች። እትዬ እናኑንና እትዬ ውባንቺንም አስመጣች።

«አያ ማረው ምሳ ሰዓት ላይ ቆመው ይስቁ ነበር» ብላ ጀመረች። «ስለዚህ የገደላቸው የጠዋቱ የአንገት ጥምዘዛ አይደለም። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው ደግሞታል። ያም ሰው በወጌሻ ሊያሳብብ ቅቤ ቀባ። ቅቤው ኩሽና ነው የነበረው፤ እትዬ ውባንቺ ከአዳራሹ ወጥተው በቀጥታ በበሩ ሲሄዱ ጥበቃው አይቷል። የቀራችሁት ሦስት ናችሁ።»

ወደ ሙጋቦ አመለከተች። «ይኼ እንግዳ ወጌሻ የሚባል ነገር አያውቅም፤ በማያውቀው ሰው አያሳብብም። ዘመነ ደግሞ ያደገው ቅቤ ገበያ ነው። ንጥርና ለጋ አይምታታበትም፤ በፍልሰታ እትዬ ውባንቺ ቅቤ እንደማይነኩም ያውቃል። ይህን የቀባው ሰው ግን ወጌሻ በቅቤ እንደምታሽ ያውቃል፤ በየትኛው ቅቤ እንደሆነ አያውቅም፤ በጾም ቅቤ እንደማትነካም ልብ አላለም። አገሩን በግማሽ የሚያውቅ ሰው ነው። በሰባት ዓመቱ የሄደ ሰው።»

ዓይን ሁሉ ወደ ሰውመሆን ዞረ። ለመካድ አፉን ከፈተ፤ ከዚያ እትዬ እናኑን አየና ተወው።

«በስንት አገር ሠርቼ እዚህ እምቢ አለኝ» አለ። «ተማሪዎቼ ሳቁብኝ። ምሳ ሰዓት ተመልሼ፣ ‹አንድ ጊዜ ልሞክር› አልኋቸው። ‹እሺ ልጄ› አሉኝ። ድምፁ መጣ። ደስ አለኝ፤ እግዚአብሔር ያውቃል፣ ደስ አለኝ። ወዲያው ዓይናቸው ወደ ጎን ሄደ፤ ምላሳቸው ተሳሰረ። ‹ደህና ነዎት?› ስላቸው ‹ደህና› ለማለት ታገሉ። ሞቱ። ደንግጬ ነው ቅቤውን ያመጣሁት።»

«ሞቱ?» አለች አምሳል በቀስታ። «የቀኝ እጃቸው ጣቶች ላይ ቅቤ ነበር። ሬሳ አንገቱን አይዳብስም።»

ዘመነ ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«የክሊኒኩ መኪና ደጅ ቆሞ ነበር» አለ ሰውመሆን ድምፁ እየተቆራረጠ። «እርዳታ ልጠራ እስከ አዳራሹ በር ሄድሁ። ተማሪዎቼ ምን ይሉኛል አልሁ። ተመልሼ... ስቀባቸው እጄን ያዙኝ። የማሻቸው መስሏቸው ነው።»

እትዬ እናኑ አላለቀሱም። «ገደልሁት ብትለኝ ይቅር እልህ ነበር» አሉት። «እየሞተ እያየኸው በኔ ቅቤ!»

ፖሊሶች ሰውመሆንን ይዘውት ወጡ። አምሳል ወደ እትዬ ውባንቺ ሄዳ፣ «ነፃ ነዎት እትዬ፤ ይሂዱ» አለቻቸው።

እትዬ ውባንቺ አልተነሡም። «በየት በኩል ነው የምሄድ?»

«ወደ ቤትዎ ነዋ። መኪና ላዝዝልዎ?»

«በመኪና ማን ያየኛል?» አሉ። «ትናንት ክንዴን ይዘሽ በገበያ መሐል ነው የነዳሽኝ። ዛሬ ብቻዬን ብገባ ጉቦ ሰጥታ ወጣች ይላሉ። እንደወሰድሽኝ መልሽኝ።»

አምሳል አፈረች። የሰውመሆንን ጥፋት ለማውጣት ያን ያህል ደከመች እንጂ፣ እሷም ራሷ እንደሱ ቸኩላ በእኚሁ ሴት ላይ አሳብባ ነበርና። ክንዳቸውን ያዘች። በጭቃው እየተራመዱ ገበያው መሐል ሲደርሱ ሩዝ የሚሰፍረው ሰውዬ ቀና አለ።

«እትዬ፣ ተፈቱ እንዴ?»

አምሳል ወደ ሰውዬው ዞረች። «መጀመሪያም መታሰር አልነበረባቸውም። ምንም አላደረጉም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

እትዬ ውባንቺ በክርናቸው ጎሸም አደረጓት። «ጮክ በይ ልጄ፤ ባጃጆቹ አልሰሙም።»

አምሳል ጮክ ብላ ደገመችው።