ከዘጠኝ እስከ ዘጠኝ ተኩል

መዳብ ቀጥቃጩ አርጊሪስ ጂማስ ሊጨርሰው ባልቻለው ጎላ ላይ ተደፍቶ ተገኘ። ከኋላ በገዛ መዶሻው ተመትቷል፤ አንድ ጊዜ ብቻ። መቺው መድገም አላስፈለገውም።

ቀኑ ኦክቶበር አንድ ነበር። ሬሳውን ከቀትር በኋላ በአሥር ሰዓት ያገኘው ስራቶስ ማቭሪዲስ ነው፤ ከቀጥቃጩ ሱቅ ጋር በአንድ ግድግዳ የሚዋሰነው «ፋናሪ» የተባለ የሙዚቃ ቤት ባለቤት። በግሪክ አገር፣ በቮሎስ ወደብ አጠገብ ባለችው በዚያች ጠባብ መንገድ፣ ሁለቱ ሰዎች አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እንደተጣሉ የማያውቅ አልነበረም። ስራቶስ ሌሊቱን ቡዙኪ በተባለ የክር መሣሪያ ያናውጠዋል፤ አርጊሪስ ቀኑን በመዶሻ ይመልስለታል። በማግስቱ ማታ የከተማው ምክር ቤት «ፋናሪ» እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሙዚቃ እንዲያሰማ ይፈቅድለት እንደሆነ ሊወስን ነበር። በፈቃዱ ፊት የቆመው አንድ አቤቱታ ብቻ ነው፤ የአርጊሪስ።

ኢንስፔክተር ካሊዮፒ ዛሁ ወደ ሱቁ ከመግባቷ በፊት የሕንፃው መግቢያ ላይ ቆመች። በሩ ላይ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል። ማጣበቂያው አዲስ ነው፤ ከሥሩ የተላጠ የአሮጌ ወረቀት ጠርዝ ይታያል። «የጸጥታ ሰዓት፣ የክረምት» ይላል ርእሱ፤ በየቀኑ ከቀትር በኋላ ጩኸት የሚከለከልበትን ሰዓት የሚገልጽ ነው። እስከ መጨረሻው አነበበችውና ገባች።

«ይሄማ ግልጽ ነው» አለ ሳጅን ቴሚስ። «ስራቶስን አሁን እንውሰደው ወይስ ሲጋራውን ይጨርስ?»

«ጎላውን አየኸው?»

«ጎላ ነው።»

«የመዶሻው ምት በረድፍ ነው የሚዞረው። ስድስት ረድፍ ዞሮ ተዘግቷል። ሰባተኛው ግማሽ ላይ ቀርቷል።»

«እንግዲህ እጁ ደክሞት ይሆናል።»

«ይሆናል» አለች። ከሟቹ የቆዳ ሽርጥ ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። አንብባው ለቴሚስ ሳታሳየው ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ሐኪሙ ሰውየው የሞተው ከስምንት ተኩል እስከ ዘጠኝ ተኩል ባለው ጊዜ ነው አለ። ከመንገዱ ማዶ ያለው ባለ ኪዮስክ ጊዜውን አጠበበው።

«መዶሻው ዝም ያለው ልክ ዘጠኝ ላይ ነው፣ የሬዲዮው ዜና ሲጀምር» አለ። «በጋውን ሙሉ እንደዚያ ነው፤ የጸጥታ ሰዓት ነዋ! ሰዓቴን የምሞላው በሱ ነበር። ደቂቃ የማያባክን ሰው ነው፤ የራሱንም የሌላውንም።»

«እንግዲህ እስከ ዘጠኝ በሕይወት ነበር» አለ ቴሚስ። «ከዘጠኝ በኋላ ማን የት እንደነበረ እንጠይቅ።»

ኢንስፔክተሯ ወደ «ፋናሪ» ገባች።

ስራቶስ ከባዶ መድረኩ ጫፍ ተቀምጦ ነበር።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማዘጋጃ ቤት መስኮት ፊት ቆሜ ማኅተም እያስመታሁ ነበር። ይኸው ወረቀቱ፤ ሰዓቱም ታትሞበታል፣ ዘጠኝ ሊሆን ሁለት ደቂቃ ሲቀረው። ዘጠኝ ከሃያ ላይ መጥቼ አንኳኳሁ። ዝም። የጸጥታ ሰዓቱ ነው፣ ቢቃጠልም አይከፍትም ብዬ ቢሮዬ ገባሁ። በአሥር ተመልሼ በሩን ስገፋው ክፍት ነው።»

«ከዘጠኝ ከሃያ እስከ አሥር ያየዎት አለ?»

«ወንበሬ።»

«ምን ፈልገው ነው የመጡት?»

«አቤቱታውን ሊያነሳ ነበር። ሊፈርምልኝ።» ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም። «አውቃለሁ። እኔም ብሆን አላምነኝም።»

የ«ፋናሪ» ዘፋኝ አስፓሲያ የምትኖረው ከሱቁ በላይ ነው። ጸጉሯ ገና የቀለም ሽታ ነበረው።

«ስንቴ እገልሃለሁ ብዬዋለሁ መሰለሽ» አለች። «በመስኮት፣ ሰፈሩ እየሰማ። አሥራ ሁለት ሰዓት ንጋት ላይ እተኛለሁ፣ በሁለት ሰዓት ያ መዶሻ! ግን ዛሬ ከሰባት ተኩል እስከ ዘጠኝ ከአሥር ጸጉር ቤት ነበርኩ፤ ራሴን እንደ ዶሮ በፎይል ጠቅልለውኝ። ከዚያ የጸጥታ ሰዓት ነው ብዬ ገብቼ ተኛሁ።»

«ብቻሽን?»

«ኢንስፔክተር፣ በዚህ ዕድሜዬ ይሄን ጥያቄ ስለጠየቅሽኝ አመሰግናለሁ። ብቻዬን።»

በሁለተኛው ፎቅ ላይ ኤፍቴርፒ ሎንዱ በሩን ሳታሰማ ከፈተች። ባሏ ሚልቲያዲስ ሎንዶስ በውስጠኛው ክፍል ተኝቷል። ሐኪሞቹ ገናን አያይም ብለዋታል። ያ ክፍል ልክ ከ«ፋናሪ» መድረክ በላይ ነው።

«ቀን ይተኛ የነበረው ሰው ቀንም መተኛት ተወ» አለች በሹክሹክታ። «አንድ ጸጥ ያለ ወር እሰጥሃለሁ ብዬ ቃል ገብቼለታለሁ። ሌላ የምሰጠው የለኝም። አቤቱታውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አርጊሪስ ነው የፈረመው፣ በታማሚ ቤት ላይ ጣጣ አይምጣ ብሎ። እንደ ወንድሜ ነበር።»

«ዛሬ አይተውት ነበር?»

«አላየሁትም፤ ሰማሁት እንጂ። መዶሻው በዘጠኝ ካቆመ በኋላ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስወርድ አንኳኳሁ። ‹ኤፍቴርፒ፣ የጸጥታ ሰዓት ገብቷል፤ አሥራ አንድ ተኩል ሲሆን ተመለሺ› አለኝ፣ በሩን ሳይከፍት። ደረቅ ነው፤ የሚያውቀው ያውቀዋል። ከዚያ ቀጥታ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ገባሁ፤ ከአሥር ሴቶች ጋር እስከ አሥር ሰዓት የተዝካር ስንዴ ስንለቅም ነበር።»

አሥሩም ሴቶች መሰከሩላት። በዘጠኝ ከአምስት ገብታለች፤ እጇ ከስንዴው አልተለየም። ከመካከላቸው አንዷ ብቻ «እጇን ታጥባ መጣች፣ እጅጌዋ ሳይቀር ርሶ» ብላ ጨመረች።

በማግስቱ፣ ከቀትር በኋላ በአሥር ሰዓት፣ ኢንስፔክተሯ ሦስቱንም በኤፍቴርፒ ሳሎን ሰበሰበቻቸው፤ ታማሚውን ጥላ መውጣት አትችልምና። የጸጥታ ሰዓት ስለነበር የሚነጋገሩት በሹክሹክታ ነው። ቴሚስ በሩ ላይ ቆመ።

«ሁላችሁም አንድ ነገር ነግራችሁኛል» አለች ካሊዮፒ ዛሁ። «አርጊሪስ በዘጠኝ ሰዓት መዶሻውን ያቆመው የጸጥታ ሰዓት ስለገባ ነው። ባለ ኪዮስኩም ይሄንኑ አለኝ። ስለዚህ የሞተው ከዘጠኝ በኋላ ነው፤ ከዘጠኝ በኋላ ደግሞ አቶ ስራቶስና አስፓሲያ ምስክር የላቸውም፤ እትዬ ኤፍቴርፒ ግን አሥር አላቸው።»

«ሊያስሩኝ ከሆነ ጃኬቴን ላምጣ» አለ ስራቶስ።

«ይቀመጡ። ትናንት ስንት ነበር?»

«ኦክቶበር አንድ።»

«በበጋው የቀን ጸጥታ በዘጠኝ ይገባል። በክረምቱ፣ ከኦክቶበር አንድ ጀምሮ፣ ግን በዘጠኝ ተኩል ነው። በየዓመቱ ይቀየራል፣ በየዓመቱም የመጀመሪያውን ቀን ሁሉም ይረሳል። ስድስት ወር ሙሉ ጆሮ የለመደውን ነው የሚሰማው። አንድ ሰው ብቻ አይረሳም። አርጊሪስ ትናንት ጠዋት የመግቢያውን ወረቀት በገዛ እጁ ቀይሯል።»

አስፓሲያ ግንባሯን ያዘች። «ግማሽ ሰዓት ተጨመረለት ማለት ነው። ያ ክፉ! ደስ ብሎት ይሆናል የተነሳው።»

«አሥራ አንድ ዓመት ሕጉ ከፈቀደለት አንዲት ደቂቃ ያልለቀቀ ሰው በስጦታ የመጣችለትን ግማሽ ሰዓት ይተዋል? ጎላውንስ ሰባተኛው ረድፍ መሃል ላይ ጥሎት ይነሳል? በዘጠኝ ሰዓት አላረፈም። በዘጠኝ ሰዓት ተገድሏል።»

ቴሚስ ቀና አለ።

«ስለዚህ ምስክር የሚያስፈልገው ከዘጠኝ በኋላ ሳይሆን በዘጠኝ ነው። አቶ ስራቶስ ማዘጋጃ ቤት ነበሩ። አስፓሲያ ፎይል ውስጥ ነበረች፤ ጸጉር ቤቱን ጠይቄያለሁ። በሕንፃው ውስጥ ከሟቹና ከአልጋው የማይነሳው ታማሚ ሌላ የቀረው አንድ ሰው ነው።»

ኤፍቴርፒ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጠፈች።

«እኔም እንደነሱ ነው የተሳሳትኩት፣ ኢንስፔክተር። ቀኑን ረሳሁ። ይሄ ወንጀል ነው?»

«አይደለም። አቶ ስራቶስም ተሳስተዋል። እሳቸው ግን ስሕተቱን የተናገሩት ከራሳቸው ነው፤ እርስዎ በሟቹ አፍ ነው ያስገቡት። መዶሻው በዘጠኝ ካቆመ በኋላ ‹የጸጥታ ሰዓት ገብቷል› አለኝ ብለውኛል። በዚህ መንገድ ላይ ያን ቃል በዚያ ሰዓት ሊል የማይችል አንድ ሰው ቢኖር እሱ ነው።»

ከውስጠኛው ክፍል የታማሚው ትንፋሽ ይሰማል፤ እየተቆራረጠ።

«ሊያነሳው ነበር» አለች ኤፍቴርፒ በመጨረሻ። ድምፅዋን አልጨመረችም። «አቤቱታውን ሊያነሳ። እንደ ቀልድ ነገረኝ፤ እየቀጠቀጠ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ። ‹ከስራቶስ ጋር ታረቅን፤ ቆይ፣ ይሄን ረድፍ ልዝጋና አስረዳሻለሁ› አለኝ። ለሱ የጎረቤት ጠብ ነበር። ለእኔ የሚልቲያዲስ የመጨረሻ ወር ነው። ሌላኛው መዶሻ አጠገቤ ነበር። የሞተ ሰው አቤቱታውን አያነሳም አልኩ፤ ይጸናል አልኩ።»

ካሊዮፒ ዛሁ ቦርሳዋን ከፍታ የታጠፈውን ወረቀት አወጣች። ማንበብ ግዴታዋ አልነበረም። አነበበችው።

«‹እኔ አርጊሪስ ጂማስ አቤቱታዬን አነሳለሁ፤ ስራቶስም ሚልቲያዲስ ሎንዶስ በሕይወት እስካለ ድረስ ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ሙዚቃ አያሰማም። አስከሬኑ ከቤት በወጣ በአርባኛው ቀን እንደወደደ ያድርግ።› በስራቶስ ተፈርሟል። የአርጊሪስ ቦታ ባዶ ነው።»

ኤፍቴርፒ ወረቀቱን ለማየት እጇን አልዘረጋችም።

«ረድፉን እስኪዘጋ ብጠብቅ…» አለች፤ አልጨረሰችውም።

«አቤቱታውስ?» አለ ቴሚስ።

«ዛሬ ጠዋት ከማዘጋጃ ቤት ደውለውልኛል» አለ ስራቶስ፣ ጣሪያውን እያየ። «አመልካቹ ስለሞተ መዝገቡ ተዘግቷል። የሞተ ሰው አቤቱታ አብሮት ነው የሚቀበረው። ማታ ይፈቅዱልኛል።»

ኢንስፔክተሯ ወረቀቱን ወደሱ ገፋችው። «ፊርማዎ አለበት።»

«የሱ የለበትም።» ተነሳ፤ ጃኬቱን አስተካከለ። «ስምንት አስተናጋጅ አለኝ። ውሉ ከእሱ ጋር ነበር፤ እሷ ናት ያፈረሰችው።»

«ስራቶስ» አለች አስፓሲያ።

«ምን ‹ስራቶስ›? ዛሬ አትዘፍኚም?»

አስፓሲያ ጫማዋን አየች። ከዚያ ተከትላው ወጣች።

ኤፍቴርፒ ለታማሚው ውኃ እንድትሰጥ ተፈቀደላት። «እህትህ እስክትመጣ ይሄ ፖሊስ አጠገብህ ይሆናል፤ እኔ ቤተ ክርስቲያን ደርሼ ልምጣ» አለችው። ግንባሩን ሳመችው፣ ብርድ ልብሱን አስተካከለች፣ ወጣች። ደረጃው ላይ ካሊዮፒ ዛሁ ክንዷን ያዘች።

ቴሚስ አልጋው አጠገብ ቀረ። አሥራ አንድ ተኩል ሲሆን፣ የጸጥታ ሰዓቱ ካበቃ አንዲት ደቂቃ ሳያልፍ፣ ከወለሉ ሥር ቡዙኪው ተነሳ። የአልጋው ብረት አብሮ ተንቀጠቀጠ።

«ልጄ» አለ ታማሚው ዓይኑን ሳይገልጥ። «መስኮቱን ዝጋልኝ።»

መስኮቱ ዝግ ነበር።