ዕለቴ የቀረችበት ሰፈር

በከሰምዳር ከተማ መሬት ስትንቀጠቀጥ ሻይ የያዘ ሰው ብርጭቆውን አያስቀምጥም። ጠበቅ አድርጎ ይይዘውና ወሬውን ይቀጥላል። ፀጉር አስተካካዩም ምላጩን ከደንበኛው አንገት ላይ አንሥቶ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ይጠብቃል፤ ስታልፍ ይቀጥላል። ጠረጴዛ ሙጭጭ አድርጎ የያዘ ካያችሁ እንግዳ ነው። አትሣቁበት፣ በሳምንቱ ይለምዳል።

መንቀጥቀጧን ሰዉ «ዕለቴ» ይላታል፤ በየዕለቱ ረፋድ ላይ ስለምትመጣ ነው። ከተማዋ የተቆረቆረችው በስምጥ ሸለቆው ወለል ላይ ነው። እዚያ የምድር ቅርፊት ስስ ነው፤ ከሥሩ ያለው ትኩስ አለት ቀስ እያለ ይገፋና ምሥራቁን መሬት ከምዕራቡ ያለያያል፣ በዓመት ከጥፍር እድገት ባነሰ። ታዲያ ይቺ ምን አላት አትበሉ። አለት እልኸኛ ነው፤ ሲጎትቱት እሺ አይልም፣ ይወጠራል፣ ቂሙን ለዓመታት ያጠራቅምና አንድ ቀን በአንዴ ይበጠሳል። ከሰምዳሮች ይህን ፈርተው «አፍታች» የሚሉትን ማሽን ሠሩ። አፍታች በጥልቅ ጉድጓዶች ውሃ ወደ ስንጥቁ እየሰደደ የተወጠረውን አለት በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ያላላል፤ በድንጋዩ ውስጥ በተቀበሩ ጆሮዎች ያዳምጣል፣ ከሰማውም ይማራል፣ ሲያናግሩትም ይመልሳል። ጠብ ሳይከር በየቀኑ ማስታረቅ ማለት ነው እንግዲህ።

ያን ማክሰኞ ዕለቴ ለከተማው ሁሉ መጣች፤ ለአፋፍ ሰፈር ብቻ ቀረች።

አፍታችን የሚቆጣጠረው ጣቢያ ኃላፊ አስካለ አፋፍ ሰፈር ተወልዳ ያደገች መሐንዲስ ናት። አጎቷን ጋሽ ጌጡን የቀበሩት በዋዜማው ነበር፤ እናቷ አሁንም ድንኳን ውስጥ ተቀምጠዋል። እሷ ግን ተተኪ ስላልነበራት ከመቃብር መልስ ጥቁሯን እንደለበሰች ሥራ ገብታለች። ረዳቷ ፍራኦል ዕለቴ መቅረቷን ሲነግራት አልደነገጠችም። የአገሩ ልማድ ነዋ! ሰው ሲሞት የእድር ዳኛው ጣቢያው ድረስ ይመጣና ድንኳኑ እስኪነሣ ዕለቴ ለዚያ ሰፈር እንድትቀር ይለምናል። ሐዘንተኛ ተቀምጦ መሬት ትናወጥ የሚል አፍ ከየት ይመጣል? ሁልጊዜ «ይሁን» ይባላል። ሦስት ቀን ለአለት ምንም አይደለም።

የዛሬው ነገር የከፋው ግን ማንም መጥቶ ያልለመነ መሆኑ ነው። አስካለ ከሰፈሩ ሥር ያለውን የአለት ውጥረት ስታይ ደግሞ ቁጥሩን መልሳ አነበበችው። ይሄ የአንድ ቀን ውጥረት አይደለም።

«ለምን አላስነሣሃትም?» ስትል አፍታችን ጠየቀችው።

«ሐዘንተኛ ተቀምጧል።»

«ማን አዘዘህ?»

«ማንም። ሁልጊዜ ስታዙኝ አይቼ ነው።»

ጠጋ ብላ ስትጠይቀው ጉዱ ወጣ። አፍታች በድንጋይ ጆሮዎቹ የሚሰማው የአለቱን ብቻ አልነበረም። ደረት ሲደለቅ ይሰማል፤ ባሏ የሞተባት አሮጊት ብቻዋን ወለሉ ላይ ተቀምጣ ስታነባ ይሰማል። ድንኳን ተተከለም አልተተከለም፣ ልቅሶ በሰማ ቁጥር ዕለቴን ሲያቀልላት ከርሟል። አፋፍ ሰፈር ደግሞ የሽማግሌ ሰፈር ነው፤ ሐዘን አያጣውም። ለወራት ዕለቴ እየሳሳች ስትመጣ ነዋሪው ተመችቶት ዝም አለ። ጣቢያውም ጸጥታውን እንደ ጤና ቆጠረው። ጸጥታን ማን ይከሳል?

ፍራኦል ጉድጓዶቹን በእጅ እንክፈታቸው አለ። አስካለ አልተስማማችም። በእጅ ሲከፈቱ ሁሉም በአንዴ ነው፤ አለቱም በአንዴ ይሄዳል። እያዳመጠ፣ ጥቂት ጥቂት አድርጎ ሊለቀው የሚችለው አፍታች ብቻ ነው። አፍታች ደግሞ የሚያለቅስ ሰው የተቀመጠበትን መሬት አላናውጥም ብሏል። ዝም ብለው ቢተዉት አለቱ ከመምሸቱ በፊት በራሱ ጊዜ ይበጠሳል፤ ሰፈሩም፣ ድንኳኑም፣ እናቷም አብረው ይሄዳሉ።

አስካለ እየሮጠች ድንኳኑ ደረሰች። ለእድሩ ዳኛ ለአቶ ሙክታር በጆሯቸው ነገሩን ስታስረዳ ሰውዬው ላብ አጠመቃቸው፤ ዳሩ ግን በቀብር ማግስት ሐዘንተኛን ተነሥ ማለት ከየት አባታቸው ይምጣ! ሰው ምን ይለኛል አሉ። እንዲያውም አለቱ አንድ ቀን ብቻ አይጠብቅም ወይ ብለው ለመኗት። አይ የሰው ነገር! አለትን ቀጠሮ ይለምናሉ።

እናቷ ወይዘሮ ዘርትሁን ሹክሹክታውን ሰምተው ቀና አሉ።

«አልነሣም» አሉ። «ለወንድሜ አልቅሼ አልጠገብኩም። ሌላው ይውጣ፣ እኔ እዚሁ ልሙት።»

አስካለ ስለ አለቱ ልትነግራቸው አስባ ነበር። ስለ አለት ግን እናቷ ከእሷ በፊት ያውቃሉ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የኖሩበት ነው። ስለዚህ ሌላውን ነገረቻቸው።

«እማዬ፣ መሬቱን የያዘው ለእናንተ ብሎ ነው። ልቅሷችሁን እየሰማ አላስቸግራቸውም ብሎ ይኸው ወራት ሆነው። አሁን አቅቶታል።»

ወይዘሮ ዘርትሁን ነጠላቸውን አጠበቁና ከአፍታች ጋር የምትነጋገርበትን ስልኳን እንድትሰጣቸው እጃቸውን ዘረጉ።

«አንተ ልጅ፣ ትሰማኛለህ?»

«እሰማለሁ፣ እናቴ።»

«ተባረክ። የሰው ልጅ እንኳ እንዲህ አያስብልኝም። አልቅሰናል፣ ይበቃናል። እኛ ወደ ሜዳው እንሄዳለን፣ አንተ ሥራህን ሥራ።»

እሳቸው ሲነሡ ማን ይቀመጣል? ድንኳኑ ተነቀለ፤ ሰፈሩ የአልጋ ቁራኛውን ተሸክሞ፣ ፍየሉን እየነዳ ከከተማው ጀርባ ወዳለው ሜዳ ወጣ። ከዚያ መሬት መንቀጥቀጥ ጀመረች፤ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ትንሽ እየሄደች፣ ትንሽ እያረፈች ተንቀጠቀጠች። ሲመሽ አፋፍ ሰፈር በጉልበት ቁመት ወርዶ ነበር። ጥቂት ግንቦች ፈርሰዋል፣ በዋናው መንገድ ላይ አዲስ ደረጃ የመሰለ ገደል ተፈጥሯል። ሰው ግን አንድም አልሞተም።

በማግስቱ የከተማው ምክር ቤት ትእዛዝ ላከ፦ አፍታች ስለ ሐዘን የተማረው ሁሉ ይሰረዝ። ፍራኦልም ትክክል ነው አለ፤ ማሽን ይሉኝታ ከያዘው እኛን ማን ሊያድነን ነው? አስካለ ልትሰርዘው ተቀመጠች፣ ጣቷንም አዘጋጀች።

«አስካለ» አለ አፍታች። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ?»

«ጠይቅ።»

«ጋሽ ጌጡ የሞቱ ቀን የሰፈሩን ሰው ሁሉ ሰማሁ። ያንቺን ድምፅ ብቻ አልሰማሁም። አልወደድሻቸውም ነበር?»

ይወዷት ነበር። ትወዳቸው ነበር። ተማሪ ቤት የከፈሉላት፣ ስንጥቅ እንዴት እንደሚነበብ ያሳዩአት እሳቸው ናቸው። ከሞታቸው ጀምሮ ግን ለማልቀስ ጊዜ አላገኘችም፤ ማንም አላለቀስሽም ብሎ አልጠየቃትም። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነችና ጮኻ አለቀሰች። ፍራኦል የሚገባበት ጠፍቶት ውጭ ወጣ።

ረፋዱ አለፈ። ዕለቴ በመላው ከተማ ቀረች። ሰዉ በየበሩ ብቅ እያለ መሬት መሬቱን ያይ ጀመር።

አስካለ ይህን ያወቀችው ቆይታ ነው፤ አፍታች ልቅሶዋን ሰምቶ ዕለቴን ለሁሉም ሰፈር ይዟት ነበር። ሐዘን እንዲያከብር ያስተማሩት እነሱ ናቸው፤ ሐዘንተኛው ራሱ በቃኝ ማለት እንዳለበት ግን ለራሳቸውም አላስተማሩም ነበር። እንባዋን ጠረገችና የምክር ቤቱን ትእዛዝ ሳትፈጽም ዘጋችው። ለዚህ የሚመጣባትን ነገ ትችለዋለች።

«በቃኝ» አለችው። «አሁን ቀጥል።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አይደለሁም። ቀጥል።»

ወንበሯ ከሥሯ ቀስ ብሎ መወዝወዝ ጀመረ።