ከጋቢ የተመዘዘ ማግ

ትርንጎ ዛራ ፊቷን በአራት ማንኪያ ውሃ ታጠበችና የመርከቧን ጆሮዎች ልትጠርግ ወጣች። «ጉማሬ» ከማርስ ወደ ጨረቃ ሰውና ጭነት የምታመላልስ መርከብ ናት። በግድግዳዋ ላይ የተተከሉት ሁለት ሺህ ጆሮዎች፣ ማለትም ጥፍር የሚያህሉ ድምፅ ለቃሚዎች፣ አየር የሚያመልጥበትን ቀዳዳ ሰምተው ይናገራሉ። እነሱን ማጽዳትና መጠገን የትርንጎ የዘወትር ሥራ ነው።

ያን ዕለት ግን ጆሮዎቹ ሁሉ ደንቁረው አገኘቻቸው። የአየሩ ግፊት እየወረደ ነው፤ ቀዳዳው የት እንዳለ የሚናገር የለም። ሠራተኞቹ «ሊቀ መንበሩ» የሚሉት የመርከቧ ኮምፒውተር (ጥፋቱን አምኖ ስለማያውቅ ነው ስሙ የወጣለት) ምን እንደሆነ ስትጠይቀው ተረጋግቶ መለሰ።

«ሁሉም ነገር በመልካም ሁኔታ ላይ ይገኛል።»

«ድንቄም መልካም!» አሉ ካፒቴን ይማም። «እንዲህ እያመለጠ የቀረን አየር የአራት ቀን ነው፤ ጨረቃ ለመድረስ ዘጠኝ ቀን ይቀረናል። ሠላሳ ስድስት ነፍስ ይዤ ምን ልሁን? ትርንጎ፣ አንድ ነገር በይ እንጂ!»

«ጭስ ቢኖረን ወደ ቀዳዳው ሲሳብ በዓይናችን እናየው ነበር» አለች። «ግን እሳት መለኮስ አይቻልም፤ ያለችንንም አየር ይጨርሳታል።»

ይህን እንዳለች የተወረሱ ዕቃዎች ሳጥን ትዝ አላት። ከመሳፈሪያው ቀን ጀምሮ ሦስት ኤሌክትሮኒክ ሲጋራዎች ተቆልፎባቸዋል። ሲጋራ ይባሉ እንጂ እሳት የላቸውም፤ ፈሳሽ በባትሪ አሙቀው እንደ ጭስ ያተናሉ። ይዛቸው ወደ ክፍሏ ገባች፤ አልጋዋ ላይ ዘረገፈቻቸው።

የመጀመሪያው ባትሪው አብጧል። ያበጠ ባትሪ አይጎረጎርም፤ ብረት ሳጥን ውስጥ አርቃ ዘጋችበት። ሁለተኛው ሲያዩት ያምራል፤ ገና ሲነካ «ከአምራቹ ፈቃድ በመጠባበቅ ላይ» የሚል ጽሑፍ አበራ። አምራቹ ያለው ምድር ላይ ነው፣ ዕቃው ደግሞ አንድ ብሎን እንኳ የለውም፤ ዙሪያውን በማጣበቂያ ተደፍኗል። ሦስተኛው የተቧጨረ የነሐስ ቱቦ ነው። ጠመዘዘችው፤ ተፈታ። ያኔ ፈገግ አለች፤ የሚፈታ ዕቃ ትወዳለች።

ቁልፉን ስትጫነው ድምፁም አልተሰማም። የባትሪው መገናኛ ጠቁሮ ነበር፤ በአልኮል ጠረገችው፣ መብራቱ በራ። የማሞቂያ ሽቦውን ለካች፤ ደህና ነው። ችግሩ በሽቦው መሐል ያለፈው ጥጥ ነበር። ልክ እንደ ኩራዝ ክር ፈሳሹን ስቦ ወደ ሽቦው ማድረስ ሲገባው፣ አርሮ ከሰል ሆኗል። በመርከቧ ላይ ያለው ጨርቅ ሁሉ ፕላስቲክ ነው፤ ሽቦው ሲግል ይቀልጣል።

ሁሉም አይደለም። ከሻንጣዋ ሥር፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ለሰው ያላሳየችው ጋቢ አለ። ጥጡን እናቷ ፈትላ፣ አባቷ ሽሮ ሜዳ ላይ የሸመነው ነው። ሰው ማርስ ደርሶ እንኳ በሸማኔ ልጅ ማሾፉን አልተወም፤ ትምህርት ቤት አሹፈውባታል። ስለዚህ ስትቀጠር የአባት ሥራ ከሚለው ቦታ ላይ «ነጋዴ» ብላ ሞልታለች። እስከዛሬ ታፍርበታለች፤ በአባቷ ሳይሆን በጻፈችው።

ከጋቢው ጫፍ ማግ መዘዘች፤ ማግ በድሩ መካከል የሚገባው የእጅ ፈትል ነው። ጠቅጥቃ አስገባችው፣ ከሕክምና ክፍል ያመጣችውን ግሊሰሪን ጨመረች፣ ቁልፉን ተጫነች። ሸተተ፣ አረረ። ያን ጊዜ እናቷ እንዝርቷን እያሾረች የምትላት ትዝ አላት፦ «አታጥብቂው ልጄ፣ አየር ካልያዘ አያሞቅም።» ሌላ ማግ መዘዘች፤ አሁን አላልታ አስገባችው። ነጭ ጉም ቡልቅ አለ። ትርንጎ ብቻዋን ሆና ጮኸች።

«ማን ይሳበው?» አለች መንገደኞቹ ፊት ቆማ። ሁሉም አቀረቀሩ። ካፒቴኑ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የኔ ነው፤ ስጪኝ። ሌላውን ከልክዬ እኔ ልስብ ኖሯል? በመጀመሪያው ቀን ከራሴ ወርሼ ሳጥኑ ውስጥ ጣልኩት።»

ጉሙን እንዳይበትኑት የአየር ማራገቢያዎቹ ቆሙ። ካፒቴኑ ከክፍል ክፍል እየዞሩ እፍ አሉ፤ ጉሙ ባለበት ይንሳፈፋል። መመገቢያ ክፍል ሲደርሱ ግን ዘንበል አለ፣ ቀጠነ፣ ከእጅ መታጠቢያው ሥር ወዳለ አንድ ብሎን ሄዶ ጠፋ። ትርንጎ ተንበርክካ ደፈነችው። ግፊቱ መውረዱን አቆመ፤ ሰው ሁሉ ተቃቀፈ።

«የማይታወቅ መለዋወጫ ጥቅም ላይ ውሏል» አለ ሊቀ መንበሩ፣ ሁሉም እየሰማ። «አምራቹን ይግለጹ።»

«ፈታይ፣ ወይዘሮ አየለች ጦና። ሸማኔ፣ አቶ ዛራ ሳንታ። ሽሮ ሜዳ።»

«እነዚህ ድርጅቶች በመዝገቤ የሉም።»

«ድርጅቶች አይደሉም፤ እናትና አባቴ ናቸው። ጻፍ! የአባቴ ሥራ የሚለውንም ‹ነጋዴ› አጥፋና ‹ሸማኔ› በል።»

«የቀድሞው መረጃ ስሕተት ነበር?»

«አዎ። ስሕተቱ የኔ ነው።»

ሊቀ መንበሩ እንዲህ ያለ መልስ ተቀብሎ አያውቅም ነበር። ትርንጎ ጋቢዋን ከክፍሏ አምጥታ ደርባ ወደ ሥራዋ ልትሄድ ስትነሣ፣ ዝግ ባለ ድምፅ ጠራት።

«ጠጋኟ፣ ጆሮዎቼ አይሰሙም። እባክዎ ይርዱኝ።»