በሦስተኛው ገቢር የገባችው እመቤት

የተዋናይቷ የቆንጅት ሬሳ የተገኘው ጭብጨባው ገና ሳይበርድ ነው። ከመድረኩ ጀርባ ባለችው ልብስ መቀየሪያ ክፍሏ፣ ፊቷ እንደ እንግሊዝ ወይዘሮ ነጭ ፓውደር ተለቅልቆ፣ በገዛ ቀሚሷ መቀነት ታንቃ ወድቃለች። አጠገቧ ቆሞ የተያዘው እጮኛዋ ግዛቸው ነው፤ «መድረክ ወጥታ ታዋርደኛለች» እያለ ሲዝት የከረመ የይርጋጨፌ ቡና ነጋዴ። የዲላ ሰው ፍርድ ቤት ሳይጠብቅ በአፉ ሰቀለው።

ጉዳዩን የያዘው የፖሊስ ሹም ሻምበል ታረቀኝ ግን ችኮላ አይወድም። በማግስቱ የቴያትሩን አዘጋጅና ተዋናይ፣ የእንግሊዝኛ መምህሩን ጓንጉልን አስጠራ።

«ሴት ልጅ መድረክ ላይ ማውጣት ከየት መጣ?»

«ቴያትሩ የንጉሥ ቻርልስ ዘመን ነው፣ ሻምበል። እንግሊዝ አገር ሴት መድረክ የወጣችው ንጉሡ ከስደት ተመልሰው ዙፋናቸውን ሲይዙ ነው። ከዚያ በፊት ወንዶች ነበሩ ሴት የሚሆኑት። እኛም ዘንድ እንደዚያው ነበር፤ ሦስት ዓመት ሴቷን ሽብሩ ተጫውቷል።»

«አሁንስ?»

«ከመጋረጃ ጀርባ ቃል አስታዋሽ አደረግሁት። ቆንጅት እያለች ጢማም እመቤት ማን ያያል?» ብሎ ፈገግ አለ። ልጅቷ ገና አልተቀበረችም።

«ደህና አስታወሰዎት?»

«እስከ ሁለተኛው ገቢር። በሦስተኛው ቃል ጠፍቶኝ ስገተር ግን ትንፍሽ አላለም። የኔን ቃል ብላ ያዳነችኝ ቆንጅት ናት።»

ታረቀኝ ወደ ልብስ ክፍሉ ገባ። እመቤቲቱ በሦስተኛው ገቢር የምታጠልቀው አዲሱ ጥቁር ጭምብልና እስከ እግር የሚሸፍነው ካባ ምስማር ላይ ተሰቅለዋል። የጭምብሉን ውስጥ በጣቱ አበሰ። ጣቱ ንጹሕ ነበር። ሁሉንም አዳራሽ ሰበሰባቸው፤ ግዛቸው ካቴና እንዳጠለቀ መጣ።

«ይህ ሰው ጭብጨባው እስኪጀመር ድረስ ከሹማምንት ጋር ፊት ወንበር ላይ ነበር» አለ ታረቀኝ። «ልጅቷ ከቴያትሩ በኋላ ከሞተች ይሰቀላል። በፊት ከሞተች ነጻ ነው።»

«በሦስተኛው ገቢር አገር አይቷታል እኮ» አለ ጓንጉል።

«አገር ያየው ጭምብልና ካባ ነው። ፊቷ በፓውደር ተለቅልቋል፤ የጭምብሉ ውስጥ ግን ምንም አልነካውም። ከሦስተኛው ገቢር በፊት ባለው ዕረፍት ክፍሏ የሚገባው ተራዋን የሚነግራት አስታዋሹ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ታነቀች። የእሷንም የእርስዎንም ቃል በልቡ የያዘ ማነው? አስታዋሹስ ለምን ዝም አለ?»

ሽብሩ አንገቱን ደፋ። «እኔ ከመጋረጃው ጀርባ አልተነሣሁም።»

ታረቀኝ አዛጋ። «ይሁን። እኔም አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ፤ ማንም ይሁን ማን ሦስተኛው ገቢር አስቀያሚ ነበር። ድምፁ የወንድ፣ አካሄዱ የበሬ። ሰው ያጨበጨበው ስለተገላገለ ነው።»

ሽብሩ ቀና አለ። «ውሸት ነው። ለእሷ ማን ተነሣላት? ቆመው ያጨበጨቡት ለእኔ ነው።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። የግዛቸው ካቴና ተፈትቶ ለሽብሩ ገባ። ግዛቸው እጁን እያሻሸ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀ። ሽብሩ ግን ከነካቴናው ወደ ጓንጉል ዞረ።

«መምህር፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ከእሷ አልበለጥኩም?»



«ያጨበጨቡት ለቆንጅት ነው» አለው ጓንጉል። «አንተን ማን አየህ?»

ሽብሩ ያለቀሰው ይሄኔ ነው።