ተማረከ የሚለው ቃል

ከጁነይድ ጋር የተዋወቅነው ሰው ሁሉ ስቆብኝ ነው።

ለዒድ ጆሃንስበርግ ያለን የስልጤ ልጆች ተሰብስበን የጦር ሙዚየም ሄድን። እዚያ ከቆመ የጀርመን ጄት አጠገብ አንድ ቀጭን ልጅ ያስረዳል። የአውሮፕላን ሞተር ተማሪ ነው። ሞተሩን ስለነደፈው ጀርመናዊ መሐንዲስ ሲያወራ እኔ ከኋላ ሆኜ «ማረከችው» የምትለዋን ብቻ ሰማሁ።

የእኔ አማርኛ ከዘፈን የተለቀመ ነው። «ቆንጆ ነበረች?» ብዬ ጠየቅሁ።

ሰው በሳቅ ፈነዳ። ለካ የማረከችው አሜሪካ ናት፣ በጦርነት! እሱ ግን አልሳቀም። ዞር ብሎ አየኝና «እኔን የማረከችኝ ቆንጆ ናት» አለ።

አለቀልኝ...

ዛንድስፕሩት የሚባል ሰፈር ወንድሜ ሻፊ ስፓዛ የሚሉት ትንሽ የሸቀጥ ሱቅ ነበረው፤ አብሬው እሸጣለሁ። ጁነይድ ከትምህርት መልስ ይመጣል፤ ደንበኛ ሲገባ በዙሉ ቋንቋ «ሳውቦና ማማ» ብሎ ሰላም የሚለው ከእኔ ቀድሞ ነው። ወሬው ሁሌ ያ ጀርመን ነው። በጦርነቱ ለአገሩ ሠራ፤ ሽንፈት ሲመጣ ንድፉን ደብቆ ጠበቀ፤ በኋላ ለማረኩት ሠርቶ በክብር ጡረታ ወጣ። ሞተሩን ሲገጣጥሙ በረሃብ ያለቁ እስረኞች እንደነበሩ ሲነግረኝ ግን ከነከነኝ።

«እነሱንስ አስታወሳቸው?» አልኩት።

«ሩሚ፣ እሱ መሐንዲስ ነው። ሞተር አገር የለውም።»

ያኔ ብልህነት መስሎኝ ነበር።

ሽማግሌ ላከ፣ ሻፊም እሺ አለ። ኒካሑ ከረመዳን በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ። ከዚያ ሰፈሩ ውስጥ በውጭ አገር ሰዎች ላይ ረብሻ ተነሣና ሱቃችን ተዘርፎ ተቃጠለ። ነፍሳችንን ብቻ ይዘን ትሮይቪል ዘመድ ቤት ገባን። ጁነይድ ይመጣል ብዬ በር በሩን አየሁ። ስልኩም አይነሣም። ቀድሞ የደረሰው ወሬው ነው፤ አንድ ትልቅ ጅምላ ነጋዴ ልጁን ራዚያን ሊድርለት ነው። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ የሚሉት ለካ ይሄ ኖሯል።

በመጨረሻ አንገቱን ደፍቶ መጣ።

«ሩሚ፣ የራዚያ አባት ያስተምሩኛል፣ የመኖሪያ ፔፐሬንም ያስጨርሱልኛል። ምን ላድርግ... ተማርኬ ነው። እንደዚያ ጀርመን ቁጠሪኝ።»

ሻፊ ሊነሣበት ሲል እጁን ያዝኩት። እወደው ነበር፤ እዚያ ቆሞ እንኳ እወደው ነበር። ግን ያቺን ቃል ያስተማረኝ ራሱ ነው።

«የተማረከ ሰው ተጎትቶ ነው የሚሄደው» አልኩት። «አንተ በእግርህ ሄድክ። ይሄ መማረክ አይባልም ጁነይድ። እጅ መስጠት ነው የሚባለው።»

ራዚያን አግብቶ ቀረ።

እኔና ሻፊ ኮዝሞ ሲቲ ሌላ ሱቅ ከፍተናል። ቀስ በቀስ ዳንኩ፣ አልሐምዱሊላህ። ዘፈን ውስጥ ያቺ ቃል ስትመጣ አሁንም እሰማታለሁ። በፍቅር ነው ወይስ በጦርነት ብዬ ሳልጠይቅ ግን አላልፍም።