የጫሞዋ ዓሣ

«ጢሟን ተዪው፤ ክንፏን ቁጠሪ» አለች ታቢታ።

ሮዳስ ጓንቷን ሳብ አድርጋ ዓሣዋን ትሪው ላይ ገለበጠቻት። ጓንት ማድረጓ ደግ ነው፤ ዓሣዋ እንዳትበሰብስ የተነከረችበት ፎርማሊን ለእጅም ለዓይንም ክፉ ነው፤ ደግነቱ መስኮቱንም ከፍተውታል። ዓሣዋ ጀርባዋ ላይ አንድ አጭር ክንፍ፣ ከኋላው ደግሞ አጥንት የሌለው ረጅም ሥጋማ ክንፍ አላት። የዓሣ ዓይነት መለያው መጽሐፍ በየደረጃው ይጠይቃል፤ አንዱ መልስ ወደ ሌላ ጥያቄ እየመራ መጨረሻ ላይ ከአንድ ስም ያደርሳል። አምባዛ ብትሆን ኖሮ አንዱ የጀርባ ክንፏ እስከ ጭራዋ ይዘልቅ ነበር። እነሱን ያደረሳቸው ባግሩስ ዶክማክ የሚል ሳይንሳዊ ስም ላይ ነው።

«መጽሐፉ ሐዋሳ ሐይቅ ውስጥ አለች አይልም እኮ» አለች ሮዳስ።

«ለዚህ አይደል አዲስ ግኝት የሆነችው?»

ሁለቱም የዘጠነኛ ክፍል ልጆች ናቸው፤ የባዮሎጂ ክበብ አባላት። ታቢታ ሰኞ ዕለት ዓሣዋን በፌስታል ጠቅልላ አምጥታ «የአባቴ መረብ ውስጥ ገባች» ስትል ክፍሉ በሙሉ ከበባት። ናትናኤል እንኳ፣ የዓሣ አጥማጅ ልጅ ስለሆነች በገባች በወጣች ቁጥር አፍንጫውን ይዞ በሐይቁ ዓሣ ስም «ቆሮሶ መጣች» የሚላት፣ ፎቶ ላንሳ ብሎ ለመናት። ያን ቀን ታቢታ ቀና ብላ ነው የሄደችው።

መምህር ብዙአየሁ ወሬውን ለአንዲት የዩኒቨርሲቲ የዓሣ ባለሙያ ነገሩ። ባለሙያዋ ዓርብ ጠዋት ትመጣለች፤ መረቡን የጣለውን ዓሣ አጥማጅም አገናኙኝ ብላለች። መምህሩ ዓሣዋ የምትቀመጥበት ጠርሙስ ውስጥ የሚገባውን ትንሽ ወረቀት ሲሰጧቸው በእርሳስ ጻፉ አሉ፤ እስክሪብቶ ፈሳሹ ውስጥ ይለቃል። ከዚያ «ስሟን ብትሳሳቱ ሌላ ሰው አይቶ ያርመዋል። የተገኘችበትን ቦታ ብትሳሳቱ ግን ዓሣዋን አይቶ የሚያርም የለም» አሉ።

ወረቀቱ ዓሣዋ የተያዘችበትን ጥልቀትም ይጠይቃል። ታቢታ «ዝም ብለሽ አሥር ሜትር በይ» አለች። ሮዳስ ግን በግምት መጻፍ አልሆነላትም። ሐሙስ ከትምህርት ስትወጣ፣ ለእናቷ ደውላ አስፈቅዳ፣ በባጃጅ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ወረደች።

የታቢታ አባት አቶ አለሙ ጀልባቸው አጠገብ ተቀምጠው መረብ ይጠግኑ ነበር። ሮዳስ ፎቶውን ከስልኳ አሳየቻቸው።

«ጋሼ፣ ይቺን ሲይዟት መረቡ ስንት ሜትር ላይ ነበር?»

«ይቺን? ይቺማ የጫሞ ናት። ወንድሜ እሑድ ከአርባ ምንጭ በበረዶ ይዟት መጣ። ታቢታ ለትምህርት ትሆነኛለች ብላ ወሰደቻት። ምነው፣ ተበላሸች እንዴ?»

«አይ… ደህና ናት።»

«ሃያ ዓመት መረብ ስጥል እንዲህ ያለች እዚህ አልገባችልኝም» ብለው ሳቁ። «ብትገባማ ቆሮሶውን ጨርሳ እኛን ጾም ታሳድረን ነበር።»

ዓርብ ጠዋት ቤተ ሙከራው ውስጥ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ባለሙያዋ ልትመጣ ግማሽ ሰዓት ሲቀራት ሮዳስ ከአቶ አለሙ የሰማችውን ለታቢታ ነገረቻት።

«አባዬን ጠየቅሽው?» የታቢታ ድምፅ ቀጠነ። «ማን ላከሽ?»

«ጥልቀቱን ልጠይቅ ነው የሄድኩት።»

«አታካብጂ እንግዲህ። ዓሣዋ እውነተኛ ናት፣ ስሟም እውነት ነው። ቦታዋ ማንን ይጎዳል?»

«አባትሽን ጀልባ ላይ አስቀምጠው የት ነው የያዟት ብለው ሲጠይቋቸውስ?»

ታቢታ ይህን አላሰበችበትም። ልጅ ሲዋሽ ወላጁ ላይ ምን እንደሚወርድ ከየት ያስበዋል።

«አባዬ አይዋሽም» አለች።

«አውቃለሁ።»

«እነ ናትናኤል ግን እስክንጨርስ ድረስ ሙድ ይይዙብኛል፣ ሮዲ። እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል።»

ሮዳስ አይይዙብሽም ልትላት ፈለገች። ግን ይይዙባታል። ዝም ብትልስ? ወረቀቱ ላይ የለየችው የሚል መስመር አለ፤ እዚያ ላይ የሚጻፈው የእሷ ስም ነው። ከዓመታት በኋላ አንድ የማታውቀው ሰው ጠርሙሱን አንስቶ ያምናታል።

ሮዳስ፣ ታቢታ ሐዋሳ ሐይቅ ብላ የጻፈችበትን ወረቀት አጠፈችና ኪሷ ከተተችው። ንጹሕ ወረቀት አወጣች። ባግሩስ ዶክማክ። ጫሞ ሐይቅ። የለዩት፦ ሮዳስና ታቢታ።

«እኔን ለምን ትጽፊኛለሽ?» አለች ታቢታ።

«አብረን ነው የለየናት። እሱ ውሸት አይደለም።»

ያመጣው የሚለው መስመር ቀረ። ደጅ የመኪና በር ሲዘጋ፣ መምህሩ እንግዳዋን እንኳን ደህና መጡ ሲሉ ተሰማ። ሮዳስ ቀና አላለችም።

«የአጎትሽ ሙሉ ስም ማን ነው?» አለችና የእርሳሱን ጫፍ መስመሩ ላይ አሳርፋ ጠበቀች።